ሁለት በር ያለው ቤት

ፓስወርድ ታስገባላችሁ። ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና ያው የመግቢያ ሳጥን ተመልሶ ይመጣል። ደግማችሁ ታስገባላችሁ፤ ደግሞ ይመልሳችኋል። ፓስወርዱ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ «ተሳስተሃል» ይል ነበር፤ ይሄኛው ግን ምንም አይልም። ሊኑክስ ላይ ይህ የገጠመው ሰው ቶሎ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። እኛ ደግሞ ፎርማቱ ይቆይ እንላለን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው አንዲት የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው፤ የፋይሏ ታሪክ ደግሞ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን በአንድ ፋይል የተደረደሩ ትእዛዞችን በተራ የሚያስኬድ «ረንኮም» የተባለ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ በብዙ ፋይሎች ስም መጨረሻ የምናያት «አርሲ» የዚያ ቅሪት ናት። በ1979 ቤል ላብስ ሰባተኛውን ዩኒክስ ሲያወጣ የስቲቭ ቦርን ሼል አብሮ መጣ፤ ሰው በገባ ቁጥር «.ፕሮፋይል» የምትባለውን ፋይል ፈልጎ ያነባል። ከፊቷ ያለችው ነጥብ ከዝርዝር ትደብቃታለች። (ሮብ ፓይክ በ2012 እንደተረከው መደበቁ የታሰበበት አልነበረም፤ በአቋራጭ የተጻፈ ኮድ ያመጣው ነው። አቋራጭ እንዲህ ዕድሜ ሲያገኝ!)

ያኔ በሩ አንድ ነበር፤ ተርሚናል። በ1984 እዚያው ኤም.አይ.ቲ. ኤክስ ዊንዶው ተጀመረ፤ በ1988 ደግሞ ኤክስዲኤም የተባለው ባለ ሥዕል መግቢያ መጣና ሁለተኛ በር ተከፈተ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኤክስዲኤም «.ፕሮፋይል»ን ዞር ብሎም አያያትም፤ የሚፈልገው «.ኤክስሴሽን»ን ነው። እሷ ስትጨርስ ደግሞ ሴሽኑም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ስክሪፕቱ መሀል ላይ ከወደቀ፣ ወይም ዴስክቶፑን የምታስነሳው የመጨረሻ መስመር ጫፍ ላይ አምፐርሳንድ ከተጨመረባት፣ ስክሪፕቱ ዴስክቶፑን ሳይጠብቅ ያልቅና ወደ መግቢያው ትባረራላችሁ።

በኋላ አንዳንድ ሲስተሞች ባለ ሥዕሉም መግቢያ «.ፕሮፋይል»ን እንዲያነብ አደረጉ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን እዚያ ውስጥ የተረሳች አንዲት «ኤግዚት» አሁን ዴስክቶፑንም ይዛ ትወድቃለች። በ1989 የወጣው ባሽ በበኩሉ ሦስት ስሞችን በቅደም ተከተል ይፈልግና መጀመሪያ ያገኘውን ብቻ ያነባል። አንድ ፕሮግራም «.ባሽ_ፕሮፋይል» ከፈጠረላችሁ፣ የድሮዋ «.ፕሮፋይል» ድምፅ ሳታሰማ ትታለፋለች።

እና ምን ይደረግ? በአሮጌው በር ግቡ። ብዙ ማሽኖች ላይ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 አንድ ላይ ሲጫኑ የጽሑፍ መግቢያ ይመጣል። ካስገባችሁ ፓስወርዱ ደህና ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዩ፤ የሞላ ዲስክም እንዲሁ ይመልሳል። ቀጥሎ «.ኤክስሴሽን-ኤረርስ» ካለች የመጨረሻ መስመሮቿን አንብቡ። የጠረጠራችኋትን ፋይል አታጥፏት፤ ስሟን ቀይሩና እንደገና ሞክሩ። ከገባችሁ ጥፋተኛዋ ተገኝታለች፤ የቀረው መስመሯን መለየት ነው።

አሁን ብዙ ዴስክቶፖች ወደ ዌይላንድ ዞረዋል፤ እዚያ በአብዛኛው «.ኤክስሴሽን»ን የሚጠራት የለም። የጻፋችሁት ነገር እንዲያው ዝም ካለ፣ ስክሪፕቱን ከመበርበራችሁ በፊት የመግቢያው ስክሪን ላይ የትኛው ሴሽን እንደተመረጠ እዩ።