መንጠቆ

መንጠቆ በክር ጫፍ ታስሮ ዓሣ የሚያዝበት፣ ጫፉ የሾለ ቆልማማ የእጅ መሣሪያ ነው። በጃፓን ኦኪናዋ ደሴት፣ ዋሻ ውስጥ የተገኘ ከቀንድ አውጣ ቅርፊት የተሠራ መንጠቆ 23,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ሐይቅ በበረዶ በሚሸፈንባቸው አገሮች አጥማጁ አስቀድሞ በረዶውን መብሳት አለበት። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ በሆነችው ቶንጎ አካባቢ ግን ወንዝ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በክልሉ አልፎ ዓባይን የሚቀላቀለው የዳቡስ ወንዝም እንዲሁ።

የመንጠቆውን ምርጫ የሚወስነው የዓሣው አፍ ነው። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆና ሊጥ ይበቃል። አምባዛ አፈ ሰፊና ጉልበተኛ ስለሆነ ወፍራም መንጠቆ፣ ጠንካራ ክር፣ ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ ይፈልጋል። በፋብሪካ መንጠቆ ላይ ከ1 በኋላ ቁጥሩ ሲጨምር መጠኑ ያንሳል፤ ገዢን የሚያሳስተው ይህ ነው።

መንጠቆን ራሱ የሚሠራ ሰው ለስላሳ ሽቦ ባይጠቀም ይሻላል፤ ትልቅ ዓሣ ሲጎትተው ይዘረጋል። የብረት መርፌ በፍም ግሎ ይቆለመማል፣ በሞረድ ይሾላል፣ ዳግም ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ጫፉ ጥፍር ላይ ሲያርፍ ከተንሸራተተ ገና አልሾለም።

የብርብራ ዛፍ ፍሬ ዱቄት ውኃ ውስጥ ተበትኖ ዓሣ ያደነዝዛል፤ ነገር ግን ጫጩቱንም እናቱንም ሳይለይ ይፈጃል። መንጠቆ የሚያወጣው አንድ በአንድ ነው፤ ትንሹም በጊዜ ከተፈታ በሕይወት ወደ ወንዙ ሊመለስ ይችላል።