የባሌ ደን ቃጠሎ እና ከቃጠሎው በኋላ የመጣው ዘመን

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የምናወሳው የነገሥታትን ወይም የጦር ሜዳን ታሪክ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የበጋ ወራት በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የደረሰውን ቃጠሎ፣ እንዲሁም ከቃጠሎው በኋላ የተከተለውን እናወሳለን። ያ እሳት ከጠፋ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ ያስነሳው ጥያቄ ዛሬም በየበጋው ይመለሳል።

በቅድሚያ ቦታውን እንወቅ። ከጎባ ከተማ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል። አምባው ሲያበቃ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሐረና ደን ውስጥ ይገባል። ከላይ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሳቶ የሚለው አስታ ይገኛል። ዝቅ ሲባል ኮሶና ቀርከሃ፣ ከዚያም ዝግባና ሌሎች ረጃጅም ዛፎች ይከተላሉ። ከዛፎቹ ሥር ደግሞ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና ይበቅላል። በአብዛኛው ሙስሊም የሆነው የአካባቢው ሕዝብ ከብት ያረባል፣ ቡና ይለቅማል፣ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። ከእነዚሁ ተራሮች የሚነሳው የዌብ ወንዝ በሸኽ ሶፍ ዑመር ስም በሚጠራው ታላቅ ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከባሌ ተራሮች የሚፈልቀው ውኃ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ እንደሚደርስ ይገመታል። ስለዚህ እላይ የሚነደው ደን ጉዳቱ እታች ያለውንም ሰው ይነካል።

አሁን ደግሞ ዓመቱን እናስታውስ። በ1992 አገራችን ከኤርትራ ጋር በጦርነት ላይ ነበረች። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ በደቡብ ምሥራቅ ድርቅ ገብቶ ነበር፤ በጎዴና በአካባቢው የነበረው ረኃብም ዓለምን ያስጨነቀበት ጊዜ ነበር። እሳቱ የመጣው እንግዲህ በጦርነትና በድርቅ ላይ ተደርቦ ነው። በባሌ በበርበሬ፣ በመና አንጌቱና በሌሎችም ወረዳዎች፣ ያኔ በቦረና ዞን ሥር በነበረው በሻኪሶ አካባቢም ደኑ ነደደ።

እሳቱ ከአንድ ቦታ የተነሳ አልነበረም። ማር ለመቁረጥ ንብ ያጨሰ ሰው የተወው ፍም፣ ለእርሻ ደን የመነጠረ ሰው የለኮሰው ጭራሮ፣ ለከብት አዲስ ሣር እንዲያበቅል የተቃጠለ መሬት፤ እነዚህ ሁሉ በየፊናቸው የእሳቱ መነሻ ሆነዋል። በደህናው ጊዜ የሐረና ደን እርጥብ ስለሆነ እንዲህ ያለው ፍም ብዙ ሳይርቅ ይከስማል። በዚያ ዓመት ግን የወደቀው ቅጠልና የበሰበሰው እንጨት ሁሉ ደርቆ ነበር። እሳቱ ከላይ ጠፋ ሲባል በሥሩና በብስባሹ ውስጥ ተደብቆ ይጨስና ከቀናት በኋላ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። እሳት ለማጥፋት የወጣውን ሕዝብ ተስፋ የሚያስቆርጠው ይኸው ነበር።

የወጣው ሕዝብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ገበሬው፣ ተማሪውና ወታደሩ አብረው ተሰለፉ። በእጃቸው የነበረው ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ፣ መጥረቢያ፣ ገጀራና አፈር ነው። እሳቱ እንዳይሻገር መሬቱን እየመነጠሩ ባዶ መስመር ያወጡ ነበር። መንግሥት የውጭ እርዳታ ጠይቆ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ የእሳት ባለሙያዎች መጡ። እሳቱ ያለበትን ቦታም ከሳተላይት በሚገኝ ምስል ለመከታተል ተሞከረ። ነገር ግን መንገድ በሌለበት ገደላማ ደን ውስጥ እሳቱ የት እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ መድረስ ደግሞ ሌላ። የ1420 ሂጅሪያ ዙልሒጃ ወርና ዒደል አድሓ የገቡት በዚሁ መካከል ነበር። በመጨረሻ በሰው ድካም ላይ የአላህ ራሕመት ተጨምሮበት፣ በመጋቢት ማብቂያና በሚያዝያ ዝናብ ጣለና እሳቱ ከሰመ።

የተቃጠለው መሬት ስፋት እንደ ቆጣሪው ይለያያል። ዝቅተኛዎቹ ግምቶች እንኳ ወደ 100 ሺህ ሄክታር ይጠጋሉ።

ውድ አድማጮች፣ ስለ እሳት ስናወራ ብዙውን ጊዜ ወሬው ዝናቡ ሲጥል ያበቃል። ለባሌ ሰው ግን ሁለተኛው መከራ የጀመረው ያኔ ነው። ቀፎው ከነዛፉ የነደደበት ሰው ዛፉን በአንድ ክረምት አያገኘውም። ንብ የሚቀስመው አበባ በሌለበት አዲስ ቀፎ መስቀል ብቻውን ማር አያስገኝም። ሽፋኑ የተገፈፈ ተዳፋት በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ አፈሩን ለወንዝ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ የተቃጠለ ደን «ከእንግዲህ ደን አይደለም» ተብሎ ለእርሻ መታሰቡ ነው። አስታን ያየን እንደሆነ፣ ከተቃጠለ በኋላ ከግንዱ ሥር ዳግም ያቆጠቁጣል፤ አላህ እንዲህ አድርጎ ፈጥሮታል። እርሻ የገባበት ደን ግን አይመለስም። እሳቱ የጀመረውን የሚጨርሰው ማረሻ ነው።

ጥፋተኛው ማን ነው? የሚለው ጥያቄም ወዲያው ተነሳ። ብዙዎች ጣታቸውን በማር ቆራጩና በከብት አርቢው ላይ ቀሰሩ። እውነት የለበትም አንልም፤ እርጥቡ ደን ውስጥ እሳት መለኮስ ምንም ሰበብ የለውም። ይሁን እንጂ በአስታው ምድር ያለውን ጉዳይ ለይተን ማየት ይገባናል። ከብት አርቢው ያረጀውን አስታ እያቃጠለ ከብቶቹ የሚበሉትን ለጋ ቅጠል ማግኘት ከአባቶቹ የወረሰው ሥራ ነው። ነፋሱን ያያል፤ በአብዛኛው የበጋው ማብቂያ ላይ፣ ዝናብ ሲቃረብ ያቃጥላል። በቅርብ ዓመታት የተቃጠለው ለጋ አስታ ስለማይነድ አዲሱን እሳት እንደ አጥር ይገታዋል። በኋላ ማቃጠል በሕግ ተከለከለ። ማቃጠሉ ግን አልቀረም፤ በድብቅ ሆነ። በድብቅ የሚለኩስ ሰው ክብሪቱን ጭሮ ይሄዳል እንጂ ቆሞ አይጠብቅም፤ ጎረቤቱንም አያማክርም። እሳቱ ቢያመልጥ እንኳ «እኔ ነኝ፤ እርዱኝ» ብሎ አይጮኽም። ይህ ለሁላችንም ትልቅ ትምህርት ነው።

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ እንደተቃጠለ፣ ነገሩ ሲነገራቸውም እሳት ጠላት መሆኑን አስታውሰው ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት እንዲያጠፉት ማዘዛቸውን አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። ትእዛዙ የተሰጠው እሳቱን ለሚጠቀምበት ሰው መሆኑን ልብ እንበል። ለራሱ ጥቅም ያነደደው ሰው ሳያጠፋው ዓይኑን አይከድንም ማለት ነው።

ከቃጠሎው በኋላ በመስከረም 1993 ዓ.ም. የደን እሳትን በሚመለከት በአዲስ አበባ ጉባኤ ተካሄደ። ከጉባኤው ይልቅ ግን ሩቅ የሄደው በየቀበሌው የተሞከረው ነገር ነው። በዚያው ዘመን በአዳባና በዶዶላ ደኖች የደን ነዋሪዎች ማኅበር፣ በኦሮምኛ ምሕጻሩ ዋጂብ፣ ተቋቋመ። አንድ ማኅበር ከ30 የማይበልጡ አባወራዎችን ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ አባወራ 12 ሄክታር ያህል ደን ታስቦ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈረማል። አባላቱ በደኑ ይጠቀማሉ፤ ይጠብቁታልም። ከ1998 ዓ.ም. በኋላም በሌሎች የባሌ ወረዳዎች ሕዝቡን የደኑ አስተዳዳሪ የሚያደርግ ተመሳሳይ ሥራ ቀጠለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባለቤት ያለው ደን ውስጥ ጭስ ሲታይ የሚሮጥ ሰው አለ።

ይህ ማለት ችግሩ አበቃ ማለት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. በጋ የባሌ ተራሮች እንደገና ነደዋል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ተራሮች ፓርክ እሳት ተነስቶ ለማጥፋት ሄሊኮፕተር ከኬንያ እስከማስመጣት ተደርሷል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ደስ ይላል፤ ነገር ግን መዝገብ እሳት አያጠፋም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ በደን አጠገብ የምትኖሩ፣ ማር ስትቆርጡ ፍሙን በውኃና በአፈር አፍኑት፤ በእጃችሁ ዳስሳችሁ መቀዝቀዙን ሳታረጋግጡ አትሂዱ። በድርቅ ዓመት ምንም አትለኩሱ። እሳት ያመለጠው ሰው ሲጮኽ፣ መጀመሪያ እሳቱን እናጥፋ፤ ወቀሳው በኋላ ይደርሳል። የቀበሌ ኃላፊዎችም የተቃጠለ ደን ለእርሻ እንዳይታደል አደራ። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም እንስሳም ሲበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ተምረናል። አላህ የተከለውን መጠበቅማ ምንኛ ይበልጥ!

አላህ አገራችንን ከእሳትና ከድርቅ ይጠብቅልን። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።