በአንድ ጥሩር ሁለት ሰው፦ የፓላዲን ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ በታተመች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ላይ ፓላዲን የሚባል ሰው ብቅ አለ። ጥሩር ለብሷል፣ ሰይፍ ታጥቋል፤ ግን እጁን ጭኖ ይፈውሳል፣ በሽታም አይነካውም። ወታደር ነው እንዳይሉት የካህን ሥራ ይሠራል፤ ካህን ነው እንዳይሉት ደም ያፈስሳል። መጽሐፏ “ግሬይሆክ” ትባላለች። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ከአንድ ዓመት በፊት ላወጡት “ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ” ለተባለው ጨዋታ የመጀመሪያዋ ተጨማሪ የደንብ መጽሐፍ ነበረች።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ይዳኛልም፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው “እንዲህ አደርጋለሁ” ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚለየው በዳይስ ነው። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሙያ አለው። በ1974ቱ ደንብ ሙያዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ባለሙያው ልምድ ባካበተ ቁጥር ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ እያለ ይወጣል።

ዛሬ የዚህ ጨዋታ ሰዎች ሲገናኙ ከማይሰለቿቸው ክርክሮች አንዱ ፓላዲንን ከሌላ ሙያ ጋር ማጣመር ነው። ስንት ደረጃ ከዚህ፣ ስንት ከዚያ? ላይ ላዩን ሲያዩት የሂሳብ ነገር ነው። ልብ ብሎ ላየው ግን ጥያቄው ከጨዋታው በብዙ መቶ ዓመት ይበልጣል፦ አንድ ሰው ሁለት ነገር ልሁን ሲል ምን ይከፍላል?

ሊቀ ጳጳሱ፣ መነኩሴውና ጨረቃ የወጣው

“ፓላዲን” የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ የቤተ መንግሥት ሰው እንደማለት ነው። ሮም ውስጥ ቄሳሮቹ ይኖሩበት ከነበረው ከፓላቲን ኮረብታ የወጣ ነው። በኋላ የፈረንጅ ባለቅኔዎች የንጉሥ ሻርለማኝን አሥራ ሁለት ባለሟሎች ፓላዲን እያሉ ጠሯቸው። በ778 የሻርለማኝ የኋላ ደጀን ጦር ፒሬኔ ተራሮች ውስጥ፣ ሮንስቮ በሚባል ቦታ፣ በባስኮች ተመታ፤ ሮላን የተባለው መኰንንም እዚያው ወደቀ። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ “የሮላን መዝሙር” የተባለው የፈረንሳይኛ ግጥም ሲጻፍ ባስኮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሙስሊሞች ገቡ፤ ጦርነቱም የሃይማኖት ጦርነት ሆነ።

በዚያ ግጥም ውስጥ ሊቀ ጳጳስ ቱርፒን የሚባል ሰው አለ። ወታደሮቹን አንበርክኮ ኃጢአታቸውን ይፈታል፤ የሚሰጣቸው ቀኖናም ጠላትን መምታት ነው። ከዚያ እሱ ራሱ ፈረሱን ኮርኩሮ ይገባል፣ እስኪሞትም ይዋጋል። ጥምር ሙያ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ደንብ ያወጣለት ሰው ግን ገና አልነበረም።

ደንቡን ያወጡት ቴምፕላሮች ናቸው። በ1119 አካባቢ ኢየሩሳሌም ውስጥ የተመሠረተው ይህ ማኅበር በ1129 ትሯ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ሥርዓቱ ጸደቀለት። በርናርድ ዘክሌርቮም አዲሱን ባላባትነት የሚያወድስ ጽሑፍ ጻፈላቸው። ቴምፕላሩ እንደ መነኩሴ ይምላል፦ ንብረት የለውም፣ አያገባም፣ ለአለቃው ይታዘዛል። እንደ ባላባት ደግሞ ይዋጋል። ባላባቱ ምርኮውንና ትዳሩን ተወ፤ መነኩሴው የገዳሙን ሰላም ተወ። ሁለት ለመሆን ሁለቱም ከየራሳቸው ቆርሰው ጣሉ ማለት ነው። ችግሩ የመጣው ሦስተኛ ሙያ ሲጨመር ነው፦ ገንዘብ አስቀማጭነትና አበዳሪነት። ከተበዳሪዎቻቸው አንዱ የነበረው የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ በ1307 ሰብስቦ አሰራቸው፤ በ1312 ማኅበሩ ፈረሰ።

ሁለተኛ ዓይነት ፓላዲን ደግሞ አለ። ጣልያናዊው ሉዶቪኮ አሪዮስቶ በ1516 ባሳተመው “ኦርላንዶ ፉሪዮሶ” ውስጥ አስቶልፎ የሚባል ፓላዲን አለ። ይህ ሰው መሐላ አያስጨንቀውም፤ ከየደረሰበት ዕቃ ይሰበስባል። ሲነፋ የሰማው ሁሉ የሚሸሸው ቀንደ መለከት፣ አስማት የሚያከሽፍ መጽሐፍ፣ ክንፍ ያለው የሚጋለብ አውሬ አለው። መቼም እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም፦ አስቶልፎ በዚያ አውሬ በርሮ የሚመጣው ኢትዮጵያ ነው። አሪዮስቶ የሳለው የኢትዮጵያ ንጉሥ ሴናፖ ይባላል፤ ፕሪስተር ጆን የሚሉትም እሱን ነው። በትዕቢቱ ዓይኑ የጠፋ ሀብታም ንጉሥ ነው፤ ማዕድ በቀረበለት ቁጥር የሴት ፊት ያላቸው አሞሮች እየመጡ ምግቡን ያረክሱበታል። አስቶልፎ በመለከቱ ያባርርለታል። ከዚያ ወደ ምድራዊት ገነት ይወጣል፤ ከወንጌላዊው ዮሐንስ ጋር በኤልያስ ሠረገላ ወደ ጨረቃ ሄዶ፣ ያበደውን የኦርላንዶን አእምሮ በብልቃጥ ይዞ ይመለሳል። የሴናፖንም ዓይን ያበራለታል፤ ንጉሡም በምላሹ ጦር ይሰጠዋል።

እንግዲህ ሁለት የዘር ሐረግ አለን፦ የሚከፍለው ቴምፕላርና የሚሰበስበው አስቶልፎ። የጨዋታው የሃምሳ ዓመት ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ክርክር ነው።

አንድ ከሃምሳ አራት

የጨዋታው ፓላዲን በቅርብ የተወለደው ከፖል አንደርሰን “ሦስት ልብና ሦስት አንበሳ” ልብ ወለድ ነው። እዚያ ላይ አንድ ዴንማርካዊ መሐንዲስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል ተነጥቆ ተረት በሚመስል ዓለም ውስጥ ይነቃል፤ ኋላ ላይ ከሻርለማኝ ፓላዲኖች አንዱ እሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። በሥርዓትና በሥርዓት አልባነት መካከል የሚደረገውን ጦርነትም ጨዋታው የወረሰው በዋናነት ከዚሁ መጽሐፍ ነው።

የ1975ቱ ፓላዲን የቴምፕላር ልጅ ነበር። የመጀመሪያው ዋጋ ዕድል ነው፦ “ግርማ ሞገስ” በሚባለው ችሎታ ቢያንስ 17 ማግኘት ግድ ነው። ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ተወርውረው 17 ወይም 18 የሚመጣው ከ216 ውጤቶች በአራቱ ብቻ ነው፤ ከ54 አንድ ማለት ነው። ሁለተኛው ዋጋ ጠባይ ነው። ከሥርዓት ከወጣ ፓላዲንነቱ ለዘለዓለም ይቀራል።

በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ዋጋውን ዘረዘረው። ፓላዲን ሰው ብቻ ነው፤ ኤልፍ ወይም ድንክ መሆን አይችልም። ምትሃታዊ ዕቃው ከአሥር አይበልጥም። ለኑሮው ከሚበቃው በላይ ሀብት አያከማችም፤ ከሚያገኘውም ላይ አሥራት ያወጣል። ከክፉ ሰው ጋር አይወዳጅም። ከሥርዓት የወጣ ድርጊት ቢፈጽም ከፍ ያለ ደረጃ ላለው ካህን ተናዝዞ ንስሐ ይገባል፤ እያወቀ ክፉ ቢሠራ ግን መመለሻ የለውም። ሁለት ሦስት ሙያ ጎን ለጎን ማሳደግም የተፈቀደው ሰው ላልሆኑት ዘሮች ነበር። ስለዚህ ያ በር ለፓላዲን ዝግ ነው።

ይህ ሥርዓት ውበት ነበረው፤ ጣጣም ነበረው። ዋጋውን የሚከፍለው ፓላዲኑ ብቻ አይደለማ! አንዱ ጓደኛ ሌባ ይዞ መጥቷል እንበል። ሌባው ኪስ ሲያወልቅ ፓላዲኑ ዝም ቢል መሐላው ይፈርሳል፤ ቢናገር ጨዋታው ይፈርሳል። ጨዋታ መሪው ደግሞ ፈራጅም ታሪክ ነጋሪም ስለሆነ፣ መጥፎና መጥፎ ብቻ ያለበት ምርጫ ደቅኖ ፓላዲኑን ሊጥለው ይችላል። አንድ ሰው የማለው መሐላ የጠረጴዛው ሁሉ ዕዳ ሆነ።

ሂሳቡ ሲቀየር

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም በሩን ከፈተው። ማንኛውም ዘር ፓላዲን መሆን ቻለ፤ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ ደረጃ ባደገ ቁጥር የፈለገውን ሙያ መውሰድ ቻለ። ለፓላዲን ግን አንድ አጥር ቀረለት፦ ወደ ሌላ ሙያ ከዞረ በፓላዲንነት ዳግመኛ አያድግም። ነገሩ የሎጥን ሚስት ያስታውሳል፤ የነበረው ኃይል አይነጠቅም፣ ግን ባለበት ይደርቃል። በ2003 በተሻሻለው እትም ፓላዲን ገና በሁለተኛ ደረጃ የግርማ ሞገሱን ጭማሪ በመከላከያ ውርወራዎቹ ሁሉ ላይ ይደምር ነበር። ተጫዋቾች ይህን ሲያዩ ሁለት ደረጃ ቀምሰው መውጣት ጀመሩ። አስቶልፎ ተመልሶ መጣ።

በ2008ቱ እትም ደግ የመሆን ግዴታው ቀረ። በ2014ቱ አምስተኛ እትም ደግሞ መሐላው ራሱ ምርጫ ሆነ፤ ዋናው መጽሐፍ ላይ የፍጹምነት፣ የጥንታውያንና የበቀል መሐላዎች ቀረቡ። መመለስ የሚከለክለው አጥርም ፈረሰ፤ ለማጣመር 13 ጉልበትና 13 ግርማ ሞገስ ይበቃል።

ለምን ከትውልድ አስማተኛ ጋር ያጣምሩታል? የሁለቱም አስማት በግርማ ሞገስ ስለሚሠራ ነው። የ2014ቱ ፓላዲን ጠላቱን ሲመታ የአስማት ስንቁን አቃጥሎ ምቱን ያከብዳል፦ በትንሹ ስንቅ ሁለት ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ፣ በትልልቁ እስከ አምስት። ስንቅ የበዛለት አብዝቶ ይመታል። 12ኛ ደረጃ ላይ የደረሱ ሁለት ሰዎችን እናወዳድር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፓላዲን የሆነው አሥር ስንቅ አለው። ስድስት ደረጃ ፓላዲን፣ ስድስት ደረጃ አስማተኛ የሆነው ግን አሥራ አራት አለው፤ ምክንያቱም የፓላዲን ደረጃው በግማሽ፣ የአስማተኛው ሙሉ በሙሉ ይቆጠርለታል። ስድስት ላይ የሚያቆመውም በከንቱ አይደለም፤ አምስተኛው ደረጃ ሁለተኛ ምት ይሰጣል፣ ስድስተኛው ደግሞ በአጠገቡ ያሉ ጓደኞቹን ጭምር የሚጠብቅ ጥላ ያመጣል። ከባዱን ጥሩር ለመልበስ በፓላዲንነት መጀመር አለበት፤ በኋላ ለሚገባ ደንቡ አይሰጥም።

ዋጋስ? አለ፤ ግን አሁን የሚከፈለው በጊዜ ነው። 11ኛ ደረጃ የደረሰ ሙሉ ፓላዲን ያለ ስንቅ እያንዳንዱ ምቱ ይከብድለታል፤ ጥምሩ ይህን አያገኝም። ተቻኩሎ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ የተሻገረ ደግሞ ጓደኞቹ ሁለት ጊዜ ሲመቱ እሱ አንዴ እየመታ፣ አስማቱም ገና ጨቅላ ሆኖ፣ ከሁለት ያጣ ይሆናል። በ2024 የታደሰው መጽሐፍ ምቱን ወደ ድግምት ቀይሮ በአንድ ተራ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሠራ ገደበው። ደንብ አውጪዎቹ አሁንም ዋጋ እየተመኑ ነው።

በዚህ ጉዞ የተገኘው ትልቅ ነው። ከ54 አንዱ ካልሆንክ ቅዱስ ተዋጊ አትሆንም የሚለው ቀርቷል፤ ኤልፉም ድንኩም ገብቷል፤ የጓደኛ መሐላ ለሌላው ዕዳ መሆኑም ቀንሷል። የጠፋው ግን ጥያቄው ነው። ድሮ ሁለት መሆን ከሰውየው አንድ ነገር ይነጥቅ ነበር፤ ዛሬ የሚነጥቀው ከወረቀቱ ላይ ካለ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዥ ደግሞ ኅሊና የለውም።

የሆነው ሆኖ የ2014ቱ መጽሐፍ አንድ ትንሽ ማስታወሻ አስቀርቷል፦ መሐላውን ያፈረሰ ፓላዲን ሥርየት ይፈልጋል፤ ሆን ብሎ አፍርሶ ያልተጸጸተ ከሆነ ጨዋታ መሪው ሙያውን ሊያስተወው ይችላል። ቁጥር የለውም፣ ስሌት የለውም። ስድስትና ስድስት ብሎ ለሚያጣምር ሰው ከሂሳቡ በፊት ሊያነበው የሚገባው ይህን ነው። በሰባተኛው ደረጃ ላይ ፓላዲኑ ወደ አስማት የዞረው ለምንድን ነው? መሐላው አላዋጣ ብሎት ነው ወይስ መሐላውን ለመጠበቅ? መልሱ ምቱን በአንድ ዳይስ አያከብደውም። ጥሩሩ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ግን የሚታወቀው በእሱ ነው።