ሸሪፍ፦ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጠው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ

ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ፣ አሌክሳንድሪያ በቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በሁለቱ ግዛቶች መካከል ይገኛሉ። ሦስቱም ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች ናቸው። ተቀራራቢ በመሆናቸውም በአንዱ አድሮ በሌላው ሲሠራ የሚውለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተከራይ ከአከራዩ ጋር ተካስሶ ቢሸነፍና ፍርድ ቤት ቤቱን እንዲለቅ ቢያዝዝ፣ ትእዛዙን ይዞ በሩን የሚያንኳኳው የሕግ ሰው እንደየከተማው ይለያያል። በሲልቨር ስፕሪንግ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሸሪፍ ባልደረባ ይመጣል። በአሌክሳንድሪያ የሚመጣው የከተማዋ ሸሪፍ ባልደረባ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ግን ሸሪፍ የላትም፤ ይህን ሥራ የሚያከናውኑት የፌዴራሉ መንግሥት ማርሻሎች ናቸው።

የአሜሪካን የካውቦይ ፊልሞች ያየ ሰው ሸሪፍን የሚያስበው ደረቱ ላይ ኮከብ ለጥፎ፣ ሽጉጥ ታጥቆና ፈረስ ጋልቦ ወንበዴ ሲያሳድድ ነው። የዛሬው ሸሪፍ ሥራ በአብዛኛው ከዚህ የራቀ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት ያደርሳል፤ እስረኛ ይጠብቃል፤ የችሎትን ጸጥታ ያስከብራል፤ ዳኛ የወሰነውን ያስፈጽማል። ይህን ያልተረዳ ሰው "ፖሊስ መጣብኝ" ብሎ በሩን ሊዘጋና በተወሰነ ቀን መልስ ሊሰጥበት የሚገባውን ወረቀት ሳያነብ ክርክሩን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የሸሪፍን ሥልጣንና አገልግሎት ማወቅ በዚያ ለሚኖሩ ወገኖችም ሆነ እዚህ ሆነው ለሚጨነቁላቸው ቤተሰቦች ጠቃሚ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ "ዓ.ም" ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜውና አመጣጡ

ሸሪፍ የሚለው ቃል የተገኘው ከጥንታዊቷ እንግሊዝ ነው። "ሻየር" አውራጃ ማለት ሲሆን "ሪቭ" ደግሞ ሹም ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው የአውራጃ ሹም የሚል ትርጉም ሰጡ። ሹሙ በንጉሡ ስም ግብር ይሰበስባል፣ ወንጀለኛ ይይዛል፣ ፍርድ ያስፈጽማል። ሥራው በቀድሞው የአገራችን አስተዳደር ምስለኔ ይሠራው ከነበረው ጋር ይቀራረባል። ሹመቱ ከኖርማኖች ወረራ ማለትም ከ1066 አስቀድሞ የነበረ ነው።

ሥልጣኑ ሰፊ ስለነበር የሕዝብ ምሬት አልተለየውም። በ1215 የእንግሊዝ ንጉሥ በማኅተሙ ያጸደቀው ማግና ካርታ በበርካታ አንቀጾቹ ሸሪፎችን ያነሣል። ከእነዚህም አንዱ የአገሩን ሕግ ከሚያውቁ ሰዎች በቀር ዳኛም ሆነ ሸሪፍ እንዳይሾም የሚደነግግ ነው። የሸሪፍን ሥልጣን በሕግ የመገደብ ጥያቄ እንግዲህ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ሹመቱ ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገረው ከእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጋር ነው። ቨርጂኒያ በ1634 በስምንት አውራጃዎች ስትከፈል የሸሪፍ ሹመትም አብሮ ተተከለ። ዛሬ ስሙ አንድ ቢሆንም ሥራው እንደየአገሩ ተለያይቷል። በእንግሊዝ ሸሪፍነት ለአንድ ዓመት የሚሰጥ፣ ደመወዝ የሌለው የክብር ሹመት ነው። በስኮትላንድ ሸሪፍ የሚባለው ዳኛ ነው። በአሜሪካ ግን ሕግ የማስከበር ሥልጣን ያለው የካውንቲ ባለሥልጣን ሆኖ ቀጥሏል። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው።

ሥልጣኑን ከማን ያገኛል?

በአሜሪካ ከ3 ሺህ በላይ ሸሪፎች አሉ። አብዛኞቹ በካውንቲው ነዋሪዎች ቀጥተኛ ድምፅ ይመረጣሉ። የምርጫ ዘመናቸው በአብዛኞቹ ግዛቶች 4 ዓመት ሲሆን፣ በኒው ጀርሲ 3፣ በማሳቹሴትስ 6 ዓመት ነው። በቨርጂኒያ ሹመቱ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የተጠቀሰ በመሆኑ የአካባቢው ምክር ቤት ሸሪፉን ሊሽረው አይችልም።

ሸሪፍን ከፖሊስ አዛዥ የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው። የከተማ ፖሊስ አዛዥ በከንቲባ ወይም በከተማ አስተዳደር ይሾማል፤ ተጠሪነቱም ለሾመው አካል ነው። ሸሪፍ ግን ተጠሪነቱ ለመራጩ ሕዝብ ነው። በሸሪፉ ሥር በየዕለቱ ሥራውን የሚያከናውኑት ቃለ መሐላ የፈጸሙ ምክትል ሸሪፎች ናቸው። አንድ ነዋሪ በሩ ላይ የሚያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ነው።

ለዚህ ሥርዓት የማይገዙ አካባቢዎችም አሉ። አላስካ የካውንቲ ሸሪፍ የላትም። ኮነቲከት በ2000 በሕዝብ ውሳኔ ሹመቱን አስቀርታለች። ሲያትል የምትገኝበት የኪንግ ካውንቲ ነዋሪዎች ደግሞ በ2020 በሰጡት ድምፅ ሸሪፋቸው ከምርጫ ይልቅ በሹመት እንዲመጣ ወስነዋል። ኪንግ ካውንቲ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት አካባቢ ነው።

ዋና ዋና ተግባራቱ

የመጀመሪያው ተግባር የፍርድ ቤት ወረቀት ማድረስ ነው። የክስ መጥሪያ፣ የምስክር መጥሪያና የጥበቃ ትእዛዝ በሸሪፍ በኩል ለባለጉዳዩ ይደርሳሉ። የጥበቃ ትእዛዝ በትዳር ወይም በቤተሰብ ውስጥ ጥቃት የደረሰበት ሰው ጥቃት አድራሹ እንዳይቀርበው ከዳኛ የሚያገኘው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ጥቃት አድራሹን ሙሉ በሙሉ የሚያስገድደው ሲደርሰው በመሆኑ፣ ሸሪፉ ፈጥኖ ማድረሱ የሰው ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለ። ለዚህ አገልግሎት ተጠቂዋ ክፍያ አትጠየቅም።

ሁለተኛው ፍርድ ማስፈጸም ነው። ከቤት ማስለቀቅ፣ ለዕዳ የተያዘ ንብረትን መረከብና በሐራጅ መሸጥ በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ማስለቀቅ የሚፈጸመው አከራይ ስለፈለገ ሳይሆን ዳኛ ስላዘዘ ብቻ ነው። ከመፈጸሙ አስቀድሞም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በቨርጂኒያ ሸሪፉ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ማሳወቅ አለበት፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ የአምስት ቀን ማስጠንቀቂያ በር ላይ ይለጠፋል።

ሦስተኛው የካውንቲውን ማረፊያ ቤት ማስተዳደር ነው። በአሜሪካ ማረፊያ ቤትና ማረሚያ ቤት የተለያዩ ናቸው። በማረፊያ ቤት የሚቆዩት ጉዳያቸው በመታየት ላይ ያለ ተጠርጣሪዎችና ባብዛኛው ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ቅጣት የተፈረደባቸው ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ገና ፍርድ ያላገኙ፣ በሕግ ፊት ንጹሕ ተብለው የሚገመቱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የሸሪፉ ኃላፊነት በር መቆለፍ ብቻ አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው ውሳኔ የእስረኛን ከባድ የጤና ችግር እያወቁ ችላ ማለት ሕገ መንግሥቱን መጣስ ነው ብሏል።

አራተኛው የፍርድ ቤቶችን ደኅንነት መጠበቅ ነው። በችሎት የሚቆሙት፣ እስረኛ የሚያመላልሱትና በመግቢያው ላይ የሚፈትሹት በብዙ ካውንቲዎች የሸሪፍ ባልደረቦች ናቸው።

አምስተኛው የተለመደው የፖሊስ ሥራ ነው። የራሱ የከተማ አስተዳደር በሌለው የካውንቲው ክፍል ወንጀል የሚከላከለውና የሚመረምረው ሸሪፉ ነው። በአገሪቱ በትልቅነቱ የመጀመሪያ የሆነው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ መሥሪያ ቤት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በሌላ በኩል በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ጥበቃና ምርመራ የካውንቲው ፖሊስ ሥራ ሲሆን፣ ሸሪፉ ማረፊያ ቤቱን፣ ፍርድ ቤቱንና የወረቀት ማድረሱን ሥራ ይዟል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ማረፊያ ቤቱ እንኳ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ በኮሎራዶ በተራራ የጠፋ ሰው ፍለጋን የሚመራው ሸሪፍ ነው። በአብዛኞቹ የካሊፎርኒያ ካውንቲዎች ሸሪፉ የአሟሟት ምርመራንም ይመራል። በኬንታኪና በሉዊዚያና ግብር ይሰበስባል።

ሸሪፍ በር ሲያንኳኳ

መጥሪያ ይዞ የመጣ ምክትል ሸሪፍ ሊያስር አልመጣም። ወረቀቱን መቀበል ጥፋተኛነትን ማመን አይደለም፤ በክሱ መስማማትም አይደለም። አለመቀበል ግን ክሱን አያስቆመውም። ለምሳሌ በቨርጂኒያ ሕግ ባለጉዳዩ ቤት ካልተገኘ መጥሪያው ዕድሜው 16 ዓመት ለሞላው የቤተሰቡ አባል ሊሰጥ፣ ይህም ካልተቻለ በመግቢያው በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ተከሳሹ በቀጠሮው ካልቀረበ ዳኛው በሌለበት ሊፈርድበት ይችላል። በዚያን ጊዜ በክርክር ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችል የነበረ ዕዳ የጸና ፍርድ ይሆናል፤ ከደመወዝም ሊቆረጥ ይችላል።

ስለዚህ ወረቀቱ እንደደረሰ በላዩ የተጻፈውን ቀን ማየት ይቀድማል። ቋንቋው ካስቸገረ አስተርጓሚ መጠየቅና ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ጠበቆችን ማማከር ይገባል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ የቋንቋ እርዳታ የመጠየቅ መብትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የመያዣ ወይም የብርበራ ትእዛዝ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። በዳኛ የተፈረመ ትእዛዝ ወደ ቤት ለመግባት ያስችላል። ነዋሪው ወረቀቱን ለማየት መጠየቅ፣ ስሙንና አድራሻውን ማመሳከር ይችላል። የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ራሳቸው የሚፈርሙት የአስተዳደር ትእዛዝ ግን ያለ ነዋሪው ፈቃድ ወደ ቤት ለመግባት አያበቃም።

ወዳጅ ዘመዱ የታሰረበት ሰው በብዙ ካውንቲዎች የእስረኛውን ስም፣ የተከሰሰበትን ጉዳይና የዋስትናውን መጠን ከሸሪፉ መሥሪያ ቤት ማግኘት ይችላል። ከማረፊያ ቤት የሚደረግ የስልክ ንግግር፣ ከጠበቃ ጋር ከሚደረገው በቀር፣ እንደሚቀረጽ ግን መዘንጋት የለበትም። በአማርኛ መነገሩም ከማስረጃነት አያድነውም። የውጭ አገር ዜጋ የሆነ እስረኛ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት መሠረት መታሰሩ ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው የስልክ ማጭበርበር ነው። አጭበርባሪዎች የሸሪፍ ባልደረባ ነን እያሉ ይደውላሉ። የዳኝነት ጉባኤ ጥሪ አልፎብሃል፣ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶብሃል፣ አሁኑኑ ክፈል ይላሉ። የሸሪፍ መሥሪያ ቤት በስልክ ደውሎ የስጦታ ካርድ ቁጥር ወይም ፈጣን የገንዘብ ዝውውር አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው ሰው ስልኩን ዘግቶ በመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ቁጥር ራሱ ደውሎ ቢያጣራ ገንዘቡን ያድናል።

የሥልጣኑ ልክ

ሸሪፍ ፍርድ አስፈጻሚ እንጂ ፈራጅ አይደለም። ነገር ግን ትእዛዙን እንዴት እንደሚፈጽም የሚወስነው ውሳኔ በብዙ ሰው ኑሮ ላይ ያርፋል። በቺካጎና አካባቢዋ የኩክ ካውንቲ ሸሪፍ ቶም ዳርት በጥቅምት 2008 በባንክ ዕዳ ምክንያት የሚደረግ ማስለቀቅን ለጊዜው አቁመው ነበር። ምክንያታቸው ኪራያቸውን በወቅቱ የከፈሉ ተከራዮች የቤቱ ባለቤት ዕዳውን ባለመክፈሉ ብቻ፣ ሳይነገራቸው ከቤት እየወጡ መሆናቸው ነበር። ማስለቀቁ የቀጠለው ተከራዮች አስቀድመው እንዲያውቁ የሚያደርግ አሠራር ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

በተቃራኒው በአሪዞና የማሪኮፓ ካውንቲ ሸሪፍ የነበሩት ጆ አርፓዮ ከ1993 ጀምሮ ስድስት የምርጫ ዘመን አገልግለዋል። በ2013 የፌዴራል ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤታቸው የላቲን አሜሪካ ተወላጆችን በዘራቸው ምክንያት እያስቆመ መብታቸውን እንደጣሰ ወሰነ። አርፓዮ በ2016 በምርጫ ተሸነፉ። በ2017 የፍርድ ቤትን ትእዛዝ ባለማክበር ጥፋተኛ ተባሉ፤ በዚያው ዓመት ግን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ይቅርታ አደረጉላቸው።

በስደተኞች ላይ ይበልጥ የሚያርፈው ውሳኔ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ትብብር ነው። በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሸሪፎች ስምምነት ፈርመው የተወሰነ የኢሚግሬሽን ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ሊፈታ የተቃረበ እስረኛ እስከ 48 ሰዓት ተጨማሪ እንዲቆይለት ሊጠይቅ ይችላል። እንደ ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች ማረፊያ ቤቶች ጥያቄውን እንዲቀበሉ ሕግ ያስገድዳል። በሌሎች ግን አንዱ ሸሪፍ ይቀበላል፤ ሌላው የዳኛ ትእዛዝ ካልቀረበ እስረኛውን ይፈታል። አንድ ሰው ለቀላል ጥፋት ተይዞ በማግሥቱ ወደ ቤቱ መመለሱ ወይም ወደ አገሩ ለመባረር መሰለፉ በየትኛው ካውንቲ እንደተያዘ ሊወሰን ይችላል። የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ኢትዮጵያውያን በሸሪፍ ምርጫ የሚሰጡት ድምፅ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ያነሰ ትኩረት ቢያገኝም፣ ወደ ጎረቤታቸው በር የሚደርስ ነው።

በኢትዮጵያ ከሸሪፍ ጋር የሚመሳሰል ተመራጭ ባለሥልጣን የለም። ተጠርጣሪ የሚይዘው ፖሊስ ነው፤ ፍርደኛ የሚጠብቀው ማረሚያ ቤት ነው፤ የመጥሪያና የፍርድ አፈጻጸም ጉዳይ በ1958 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በፍርድ ቤቶች በኩል ይከናወናል። አሜሪካ የደረሰ ኢትዮጵያዊ የደንብ ልብስ ለብሶ የታጠቀ ሰው የፍትሐ ብሔር ወረቀት ይዞ ሲመጣ ግር ቢለው አይገርምም። ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ካልገባው አስነብቦ፣ በቀጠሮው ቀን በችሎት የተገኘ ሰው ግን ቢያንስ ሳይሰማ አይፈረድበትም።