«በፊልም አይገለጽም» ያለው ማን ነው? የፈረንሳይ ልብ ወለድና የታማኝነት ክርክር



አንድ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲመለስ አዘጋጁ ታማኝ መሆን ያለበት ለምኑ ነው? ለቃሉ ወይስ ለሐሳቡ? ይህ ጥያቄ በፈረንሳይ ሁለት ትውልድ ያቀያየመ፣ የታወቁ ጸሐፍትንም ከክብራቸው ያወረደ ጥያቄ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ ፊልም ክብሩን የሚፈልገው ከመጻሕፍት መደርደሪያ ነበር። የአንድሬ ዢድ «ላ ሳንፎኒ ፓስቶራል» በ1946፣ የሬሞን ራዲጌ «ለ ዲያብል ኦ ኮር» በ1947፣ የስታንዳል «ቀይና ጥቁር» በ1954 ፊልም ሆኑ። የሦስቱንም የፊልም ጽሑፍ ያዘጋጁት ዣን ኦራንሽና ፒዬር ቦስት ናቸው። ዘዴያቸው ግልጽ ነበር። በየመጽሐፉ ውስጥ በፊልም ሊገለጽ የሚችልና የማይችል ትዕይንት አለ ይላሉ፤ የማይችለውን ቆርጦ ከመጣል ይልቅ፣ ደራሲው ለፊልም ቢጽፍ ኖሮ ሊጽፈው ይችል የነበረውን አቻ ትዕይንት መፍጠር ይገባል። ሲሰሙት ምክንያታዊ ነው፤ ለእኔም እስከ ዛሬ ተራ ስሕተት አይመስለኝም።

ችግሩ ጎልቶ የወጣው በዦርዥ ቤርናኖስ «የአንድ የገጠር ቄስ ማስታወሻ» ላይ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1936 ሲሆን፣ ኦራንሽ ከእርሱ ያዘጋጀው የፊልም ጽሑፍ ሳይቀረጽ ቀርቷል። በልብ ወለዱ ውስጥ ሻንታል የተባለችው የባላባት ልጅ ከወጣቱ ቄስ ጋር በኑዛዜው ስፍራ ትፋጠጣለች። የሚታይ ድርጊት የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው ቃልና ፊት ነው። በኦራንሽ ጽሑፍ ውስጥ በዚህ ምትክ የገባው ልጅቷ የተቀበለችውን ቁርባን ስትተፋ የሚያሳይ ትዕይንት ነበር። ለዓይን የሚታይ ነገር ተገኘ፤ ነገር ግን በቤርናኖስ ዘንድ የነፍስ ትግል የነበረው የድፍረት ሥራ ሆነ።

ሮቤር ብሬሶን በ1951 ያንኑ መጽሐፍ በፊልም ሲያቀርብ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ደብተሩን፣ የሚጽፈውን እጅ አሳየን፤ የሚያነበውን ድምፅ አሰማን። አንዳንድ ጊዜ ድምፁ የተናገረውን ምስሉ መልሶ ይደግመዋል፤ ይህም በፊልም ሙያ እንደ ጉድለት የሚቆጠር ነበር። ከመጽሐፉ ብዙ ቆርጧል፤ በቆረጠው ምትክ ግን የራሱን ፈጠራ አላስገባም። «አይገለጽም» የተባለውንም የኑዛዜ ስፍራ ግጥሚያ በፊት ገጽታና በንግግር ብቻ ቀረጸው። ሐያሲው አንድሬ ባዛን በዚያው ዓመት እንዳስተዋለው፣ ልብ ወለዱ ለዓይን በሚማርኩ ሥዕሎች የተሞላ ሲሆን ፊልሙ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ጽሑፍ ጽሑፍ ይሸታል። የአብነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ኦራንሽ ትርጓሜውን ሰጠን፤ ብሬሶን ንባቡን አስቀደመ።

በጃንዋሪ 1954 የ21 ዓመቱ ፍራንሷ ትሩፎ «ካዬ ዱ ሲኔማ» በተሰኘው መጽሔት ላይ ኦራንሽንና ቦስትን አብጠልጥሎ ጻፈ። ዋናው ማስረጃው ያ ያልተቀረጸ ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉን በቅንነት ያዋሰው ራሱ ቦስት እንደ ነበር ሲታወቅ፣ የክርክሩ ጠረን ይለወጣል። የትሩፎ ነቀፌታ በሻንታል ትዕይንት ላይ ፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ ከዚያ ተነሥቶ በአንድ ትውልድ ሥራ ሁሉ ላይ የሰጠው ፍርድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «የጥራት ወግ» የሚለው መጠሪያ ዛሬም ድረስ እንደ ስድብ ይነገራል፤ ከሚናገሩትም መካከል ፊልሞቹን ያላዩ ጥቂት አይደሉም።

ትሩፎ ራሱ ከልብ ወለድ አልራቀም። በ1962 የቀረበው «ዡል እና ጂም» የተወሰደው ኦንሪ-ፒዬር ሮሼ በ1953፣ ከ70 ዓመት ዕድሜው በኋላ፣ ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። በፊልሙ ውስጥ የማይታይ ተራኪ የሮሼን ዓረፍተ ነገሮች በፍጥነት ያነባል። የብሬሶን ትምህርት እዚህ ላይ ይሰማል፤ ሆኖም ትሩፎም ያሳጥራል፣ ያዋሕዳል፣ ከሮሼ ሌላ መጽሐፍም ሐረጎችን ይወስዳል። በሌሎች ላይ ያወጣውን ሕግ እርሱም ሙሉ በሙሉ አልጠበቀውም።

ከነቀፌታው 20 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ቤርትራን ታቬርኒዬ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን «የሳን-ፖል ሰዓት ሠሪ»ን ሲያዘጋጅ፣ አብረውት እንዲጽፉ የጠራቸው እነዚያኑ ኦራንሽንና ቦስትን ነበር። የዦርዥ ሲሜኖን ልብ ወለድ ታሪኩ በአሜሪካ የሚፈጸም ሲሆን እነርሱ ወደ ሊዮን አመጡት። ይህ ከምንም በላይ «አቻ መፍጠር» ነው፤ ፊልሙም የተሳካ ፊልም ነው።

አሁን መብራቱ ይቀነስና የብሬሶንን ፊልም የመጨረሻ ደቂቃዎች እንመልከት። የቄሱ ሞት አይታይም፤ ደብዳቤ ይነበባል፣ በምስሉም ላይ የሚቀረው መስቀል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።