ዓባይን ያልተሻገረ ደብተር

ሉማሜ ላይ የሚወርድ መንገደኛ ብዙ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ እያቃሰተ የወጣ አውቶቡስ ደጀን ላይ ትንፋሹን ይሰበስብና ደብረ ማርቆስ ለመግባት ይጣደፋል። ሉማሜ በመስኮት ታልፋለች። እኔም ስንት ዘመን በመስኮት ሳያት ኖሬ፣ ከዓመታት በፊት በአንድ ቅዳሜ ግን «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን እያወረደ «ለቅሶ ነው ጋሼ?» አለኝ። የደራስያን ስብሰባ እንደሆነ ነገርኩት። «የት? እዚህ?» አለና ሳቀ። ምን ልደብቃችሁ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

የጠራኝ አብሮ አደጌ ነው፤ የአማርኛ መምህር። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ይሰበሰባሉ። መደብር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይታያችሁ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንድ ክፍል ቤት ነው። ፊት ለፊት ደብተርና እስክርቢቶ፣ በጎን ውዳሴ ማርያምና ድርሳነ ሚካኤል፣ የተማሪ ማጠናከሪያ፣ ከኋላ ሁለት መደርደሪያ ልብ ወለድ። በሩ አጠገብ ደግሞ ባለቤቱ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቃት የፎቶ ኮፒ ማሽን። ቤቱን ያቆሙት ልብ ወለዶቹ እንዳልሆኑ ሰውየው አይደብቅም። «መስከረም እኔን ያበላኛል፤ ሌላውን ወር እኔ መጻሕፍቱን አበላለሁ» አለኝ።

አሥራ አራት ሰው ሆነናል። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ካርቶን ላይ የተቀመጠ አለ። መምህራን፣ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ራፖር ጸሐፊና አንድ መሪጌታ። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይዞራል። ራፖር ጸሐፊው ትዝታቸውን አነበቡ። የሰው አቤቱታ ሲጽፉ ስለኖሩ በገዛ ሕይወታቸው ታሪክ ውስጥ እንኳ አመልካችና ተጠሪ አለ፤ ሚስታቸው ተጠሪ ናቸው። አንደኛው ተማሪ የፍቅር ግጥም አነበበ። ስለ ግጥሙ ባልናገር ይሻላል። ሁለተኛው ግን ደብተሩን ዘርግቶ፣ መሪጌታ ባለፈው ወር የተናገሩትን ጉባኤ ቃና እንዲያስጽፉት ለመናቸው።

«ያለፈው ወር ቅኔ ካለፈው ወር ጋር ሄዷል ልጄ። ዛሬ ሌላ አለ» አሉት። ሌላ ተናገሩ። እሱንም ማንም አልጻፈው።

ያን ጊዜ የረዳቱ ሳቅ ትዝ አለኝ። የደራስያን ስብሰባ የአዲስ አበባ ነገር ይመስለናል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር የተመሠረተው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ጎጃም ውስጥ ግን ሰው ድርሰቱን ይዞ ሰው ፊት መቆም የጀመረው ማኅበርም፣ መደብርም፣ አውቶቡስም ሳይኖር ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን፣ ደብረ ኤልያስን አስቡ። የቅኔ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሹን ይለምናል። ቀን ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩና ጓደኞቹ ባሉበት ይነግራል። መምህሩ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ደስ ካለውም ያደንቃል። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና የጀመረ፣ ሦስት ቤት ዘአምላኪየና ሚበዝኁ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ትናንት የተባለውን ዛሬ ይዞ የመጣ ይናቃል፤ በየቀኑ አዲስ ነው። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የደራስያን ጉባኤ ከወዴት ይመጣል?

ዕዳውም እዚያው ውስጥ ነው። በየቀኑ አዲስ የሚፈጠርበት ቤት የትናንቱን አያስቀምጥም። በጽላሎ ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽን ልብ ይሏል። ዓይነ ስውር ነበሩ፣ ሴት ነበሩ፤ የአባታቸውን ጉባኤ ተረክበው ወንዱን ሁሉ አስተማሩ። የዚያን ሁሉ ዘመን ቅኔያቸውን ዛሬ ፈልጉ ብትባሉ የምታገኙት ተማሪ በቃሉ ይዞ ያተረፈውን ያህል ነው።

ወረቀቱና ማተሚያው ከዓባይ ወዲያ ነበር። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲቆም፣ ጎጃሜ ለሆነ ጸሐፊ መንገዱ ተወሰነ፤ በረሃውን መውረድና መውጣት። የደብረ ኤልያሱ ልጅ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔውን ይዘው ሄዱ፤ አዲስ አበባ ላይ ቴአትር አደረጉት። በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ከቅኔ ቤት ወጥተው ተሻገሩ፤ ጦርነትም፣ የጣልያን ምርኮም፣ ዲፕሎማትነትም አልፎባቸው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛም ተሻገረ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው «አልወለድም» ገበያ ላይ ብዙ ሳይቆይ ታገደበት፤ እሱ ግን መጻፉን አልተወም፤ ኋላም አሜሪካ ድረስ ሄዶ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የዓለም ደራስያንን በሚሰበስብበት መርሐ ግብር ተቀምጧል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የደብረ ማርቆሱ ተመስገን ገብሬ ነው። «የጉለሌው ሰካራም» በ1941 ዓ.ም. ታተመ፤ የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ በኩር የሚባለው እሱ ነው። የገዛ ሕይወቱን የጻፈበት «ሕይወቴ» ግን መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። ስልሳ ዓመት ያህል! ስልሳ ዓመት ወረቀት እንዴት እንደሚከርም አስቡት። ዝናብ አለ፣ አይጥ አለ፣ ቤት መልቀቅ አለ፣ «ይሄ አሮጌ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ወራሽ አለ። ተመስገን ተሻግሮም እንዲህ ከሆነ፣ ሳይሻገር የቀረው ስንት ነው?

የሄደው መጽሐፍ አንዳንዴ ይመለሳል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው ፊደል ያልቆጠረውም ገበሬ ሰማው፤ ማንኩሳና ዲማ ስማቸውን ከአዲስ አበባ በሞገድ ሰሙት። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ብዙ ሰው ፊደል አስቆጠረ። አንባቢው ወደ ትንንሽ ከተሞች መጣ ማለት ነው። ማተሚያው ግን አልመጣም።

ወደ ቡናው ልመልሳችሁ። ለሦስተኛው ሲኒ ቡና ሲቀርብ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የነበረች ወጣት መምህርት ከፌስታል አራት ባለ መቶ ሉክ ደብተር አወጣች። ልብ ወለድ ነው። በልጅነቷ ተድራ ከባሏ ቤት ስለኮበለለች ልጅ። አምስት ገጽ አነበበችልን። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሲኒ የሚያጥበው ልጅ እንኳ እጁን አቆመ። ራፖር ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

ለካ አዲስ አበባ ወስዳው ኖሯል። ማተሚያ ቤቱ የጠየቃት ገንዘብ የዓመት ደመወዟን ይበልጣል። አንድ አሳታሚ ደግሞ «ስምሽ አይታወቅም» ብሎ መልሷታል። ስሟ እንዴት ይታወቅ? ሳይታተም!

ባለ መደብሩ ማሽኑን በአገጩ አሳየ። «ለምን እዚሁ ሃምሳ ቅጂ አናወጣም? ወረቀቱን እኔ እችላለሁ። እየሰፋን እንሸጣለን።»

ራፖር ጸሐፊው ተቆጡ። ያለ ማተሚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ነው፣ ማን ይቀበለዋል፣ አሉ። አብሮ አደጌ ደግሞ ከተማ ወስዳ ትታገል ባይ ሆነ። እኔ፣ የአዲስ አበባው እንግዳ፣ አዋቂ ለመምሰል የሲልቪያ ቢችን ታሪክ አመጣሁ። ፓሪስ የነበረች አሜሪካዊት መጽሐፍ ሻጭ ናት። የአየርላንዳዊውን የጄምስ ጆይስን «ዩሊሲስ» ደፍሮ የሚያሳትም ሲጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በትንሿ ሱቋ ስም አሳተመችው። ባለ መደብሩ ጥሞና ሰጥቶ ሰማኝና «ከሰረች?» አለ። እንዳልዋሽ፣ መጽሐፉ ኋላ በትልቅ አሳታሚ ሲወጣ እሷ የድካሟን አላገኘችም። ይህንኑ ነገርኩት። «ገብቶኛል» አለና ማሽኑን አበራ።

መምህርቷ ደብተሮቹን እንደያዘች መሪጌታን አየች። ምን ያሉ መሰላችሁ? ቅኔያቸውን ለማስጻፍ እንቢ ያሉት ሰውዬ! «የኔ ቢጠፋ ነገ ሌላ አለኝ። የልጅቷ ታሪክ ግን አንድ ነው፤ አባዢው» አሏት።

እስከ ገጽ 43 ከተገለበጠ በኋላ መብራት ሄደ። ጠበቅን፤ ቡናው ተደገመ። መብራቱ ግን ቀረ። የተገለበጠችውን አንዲት ቅጂ ለእኔ ሰጡኝ፤ ቀሪውን በሚቀጥለው ወር ትወስዳለህ ተባልኩ። በሚቀጥለው ወር ሥራ በዛብኝ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በገባው ጦርነት መንገዱ እንደ ድሮው «ወራጅ አለ» ተብሎ የሚወረድበት አልሆነም። ደብተሮቹ ከእሷ ጋር እዚያው ናቸው። እኔ ዘንድ ያለችው ልጅ ገጽ 43 ላይ፣ በሌሊት መጥታ፣ የአባቷን በር ልታንኳኳ እጇን አንሥታለች። ይክፈቱላት አይክፈቱላት አላውቅም።