መደብርና ማሳ፤ ትላልቅ የንግድ ድርጅቶች ወደ ገጠር ያደረጉት ጉዞ

የአንድን አገር የንግድ ታሪክ ለመረዳት የትላልቅ መደብሮችን ብዛት መቍጠር ብቻውን አይበቃም። ከመደብሩ መጋዘን እስከ ገበሬው ጎጆ በሚዘረጋው መንገድ ምን እንደሚሄድና ምን እንደሚመለስ፣ ዋጋውንም የሚቈርጠው ማን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ትልቅ ንግድ ወደ ገጠር በተጓዘባቸው ዘመናት ሁሉ ይህ ጥያቄ አብሮ ተጉዟል።

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለዚህ ምርመራ አመቺ ሥፍራ ነው። ስሙ ራሱ ሁለት ነገሮችን ያጣምራል። «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን የራዲዮ ጣቢያ ለማመልከት የወጣ ስያሜ ሲሆን፣ «ላፍቶ» ደግሞ በኦሮሞ ቋንቋ የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። አንደኛው ከውጭ የመጣውን ቴክኒክ፣ ሁለተኛው በቦታው የነበረውን ምድር ያስታውሳል። ዛሬ የመኖሪያ ሕንፃዎችና ሱፐርማርኬቶች የቆሙባቸው ለቡ፣ ጀሞና ላፍቶ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በአብዛኛው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበሩ። የትላልቆቹን የንግድ ድርጅቶች ጉዞ ፍጻሜ እዚህ ላይ ማየት የሚቻለው ስለዚህ ነው። መነሻው ግን ከዚህ ይርቃል።

የኩባንያዎች ዘመን

ገጠሩ ከትልቅ ንግድ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ንግድ አልባ አልነበረም። በሳምንት አንድ ቀን የሚቆመው ገበያ እህሉን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና ከብቱን ያገበያይ ነበር፤ አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ሲራራ ነጋዴው በበቅሎና በአህያ ጭኖ ከገበያ ወደ ገበያ ይዘዋወራል፤ የመንግሥት ሹም የሆነው ነጋድራስ ደግሞ ቀረጡን ይሰበስባል። በዚህ ሥርዓት ገበሬው ሻጭም ገዥም ሆኖ ገበያ ይወጣ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሕንድ የመጣው የመሐመድ አሊ ኩባንያ፣ ቀጥሎም መቀመጫውን ኤደን ላይ ያደረገው የፈረንሳዊው የአንቶኒን ቤስ ድርጅት በዚህ ሥርዓት ላይ አዲስ ሰንሰለት አከሉበት። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሰንሰለቱ ይበልጥ ጠነከረ። አቡጀዲ፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ ሳሙናና ላምባ ከወደብ ወደ መሐል አገር ይገባል፤ ቡና፣ ቆዳና ሰም በዚያው መስመር ይወጣል። ኩባንያዎቹ ቅርንጫፎቻቸውን የከፈቱት በዋና ዋና የንግድ ከተሞች ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚሸፍኑት አነስተኛ ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነዚህም መካከል ከየመን የመጡት ባለሱቆች ስለሚበዙ የሰፈርና የመንደር ሱቅ «ዐረብ ቤት» እስከመባል ደረሰ።

ሰንሰለቱን አጥብቆ የያዘው ዱቤ ነው። ትልቁ ድርጅት ለመለስተኛው ነጋዴ፣ መለስተኛው ለባለሱቁ፣ ባለሱቁም ለገበሬው በዱቤ ይሰጣል፤ ገበሬው ዕዳውን የሚከፍለው ምርቱ ሲደርስ ነው። ምርት በሚደርስበት ወቅት ደግሞ ገበያው ስለሚሞላ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ በክረምት በውድ የተወሰደ ሸቀጥ በመኸር በርካሽ እህል ይከፈላል። ባለሱቁ ሁልጊዜ ክፉ ሰው ስለነበር አይደለም፤ እርሱም ከበላዩ ያለበት ዕዳ ያስጨንቀዋል። በሌላ በኩል ያው ባለሱቅ ገበሬው በቸገረው ጊዜ በሩን የሚከፍትለት፣ ለለቅሶም ለሠርግም የሚያበድረው የቅርብ ሰው ነበር።

ይህን የንግድ ግንኙነት በአገር ደረጃ አስቀድሞ ከመረመሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የሠሩት እኚህ ሰው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የእጅ ሥራ ውጤት የሚገዛ ሕዝብ ድካሙን በርካሽ እንደሚለውጥ አስረድተዋል። የሸቀጥ መብዛት ብቻውን ብልጽግና እንዳልሆነ የተገነዘቡት ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ከሚታይበት በር ላይ ሆነው ነው።

የኢጣልያ ወራሪ ኃይል በ1929 ዓ.ም. የመሐመድ አሊን ኩባንያ ከአገር አስወጣ። የአዲስ አበባንም ዋና ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወረው። ከነፃነት በኋላ በመርካቶ እየጎላ የመጣው የጉራጌ ነጋዴ በጉልበት ሥራና በጉሊት ጀምሮ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅም ወደ ጅምላ ንግድ ተሻገረ። የዕቁብ ማኅበር ባንክ ላልደረሰበት ሰው መነሻ ገንዘብ አስገኘ። በዚህ ጊዜ የሰንሰለቱ ታችኛና መካከለኛ ቀለበቶች በአገር ልጅ እጅ እየገቡ ሄዱ፤ የዱቤውና የመኸሩ ዋጋ ነገር ግን እንደነበረ ቀጠለ።

መንግሥት ባለሱቅ በሆነ ጊዜ

በ1967 ዓ.ም. የተወሰዱት እርምጃዎች ይህን ሰንሰለት ከላይም ከታችም ለወጡት። በጥር ወር 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ኩባንያዎች ሙሉ በሙሉ ወደ መንግሥት ንብረትነት ተዛወሩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የገበሬ ማኅበራት አዋጅ ደግሞ ከሦስት እስከ ዐሥር የሚደርሱ የገበሬ ማኅበራት ተጣምረው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። በከተማ የቀበሌ ሱቅ፣ በገጠር የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ ተከፈተ። ሸቀጡን የሚያቀርበው የመንግሥት የአገር ውስጥ ማከፋፈያ ኮርፖሬሽን ነበር።

በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ የአንድ ድርጅት ሸቀጥ በአንድ ዓይነት ሥርዓትና በተወሰነ ዋጋ ወደዚህን ያህል የገጠር መንደር ሲዘልቅ ያ የመጀመሪያው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለጨውና ለሳሙና ሙሉ ቀን ይጓዝ የነበረ ገበሬ በአቅራቢያው፣ ያውም ራሱ አባል በሆነበት ማኅበር ሱቅ መግዛት ቻለ። የሱቁን ሒሳብ የሚይዙት ብዙ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቈጠሩ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሰንሰለቱ ወደ ገበሬው የሚሄድበት እግሩ ቢረዝምም፣ ከገበሬው የሚመለስበት እግሩ አንክሶ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን እህሉን የሚገዛው መንግሥት በወሰነው ዋጋ ሲሆን፣ ገበሬው የተመደበለትን ኮታ የማስረከብ ግዴታ ነበረበት። ዋጋው ከነፃው ገበያ ዝቅ ያለ ስለነበር ኮታውን መሙላት ያቃተው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። በሌላ በኩል የኢንዱስትሪ ሸቀጥ እያነሰ ሄደ። ስኳርና ሳሙና በሰልፍና በራሽን ካርድ የሚገኙ ሆኑ፤ ሱቁ ክፍት ሆኖ መደርደሪያው ባዶ የሚሆንበት ቀን በዛ። አንዱ የሚጓደል ሸቀጥ ይዞ፣ ሌላው የማይጓደል ኮታ እየጠየቀ በመጣ ጊዜ ገበሬው ሁለቱንም በአንድ ዓይን አያቸው። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ በነበረው ግርግርና የሥርዓት ለውጥ ብዙ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ፈረሱ፣ ንብረታቸውም ተዘረፈ። በርካታ ገበሬዎች ለሱቆቹ ጥብቅና ያልቆሙት የራሳቸው መሆናቸውን የሚያምኑበት ምክንያት ስለተሟጠጠ ነው።

ከማሳ ወደ ላፍቶ

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ንግድ እንደገና ለግል ባለሀብት ተከፈተ። ሱፐርማርኬቶች በአዲስ አበባ እየበዙ መጡ፤ መንግሥትም በ2000ዎቹ አጋማሽ «አለ በጅምላ» የተባለውን የጅምላ መደብር አቋቋመ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቍጥር 1001 ደግሞ ለአገር ልጆች ብቻ ተከልሎ የቆየውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። ከዚህ በኋላ የውጭ ሰንሰለት መደብሮች ምን ይዘው ይመጣሉ የሚለው ጥያቄ የነጋዴዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

መልሱን ከሌሎች አገሮች ልምድ መቃኘት ይቻላል። የደቡብ አፍሪካው ሾፕራይት በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ወደ ዛምቢያ ገብቶ ከዋና ከተማዋ ርቃ በምትገኘው ቺፓታ ሳይቀር መደብር ከፈተ። የአካባቢው አትክልት አምራቾች ግን መደብሩ አትክልቱን ከሩቅ እያስጫነ የእነርሱን ባለመግዛቱ አምርረው ተቃወሙ። ከዚያ በኋላ ነው ገበሬዎቹ ለመደብሩ እንዲያቀርቡ የሚያስችል ምክክር የተጀመረው። ችግሩ ከደጃፋቸው የበቀለ ጎመን ወደ መደርደሪያው የሚገባበት በር አለመኖሩ ነበር።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደዚህ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጀሞን ሲሞሉ፣ የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ የባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ለቡ ላይ ጣቢያው ሲቆም፣ ገበሬው ለከተማው ምርት ያቀርብበት የነበረው መሬት ራሱ ከተማ ሆነ። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ላፍቶ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ መጣ። በዚህም ሳቢያ ከሩቅ ማሳዎች የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ቀድሞ ማሳ በነበረው አካባቢ ይራገፍ ጀመር። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የታጠበና የተመዘነ አትክልት ይሸጣል፤ በመንገዱ ዳር ደግሞ እናቶች በጉሊት ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ከፍለው ያቀርባሉ። ሦስቱም የሚኖሩት ከአንድ ገበሬ ድካም ነው። ገበሬው የሚደርሰው ግን ከሦስቱ አንዱም የማይነግረው ዋጋ ነው።

እንግዲህ ከኩባንያዎቹ ዘመን እስከ ላፍቶ ገበያ ያለው ታሪክ አንድ መለኪያ ያስጨብጣል። መሐመድ አሊና ቤስ ከገበሬው ምርት ገዝተዋል፤ ግን በዱቤ ሰንሰለት ዋጋውን አስቀድሞ ያሰረ ንግድ ነበር። የመንግሥት ማከፋፈያ ሱቁን እስከ መንደር አደረሰ፤ ግን በኮታ የገበሬውን የመሸጥ ነፃነት ነጠቀ። የሁለቱም ድካም የታየው በሚሸጡት ዕቃ ሳይሆን በሚገዙበት መንገድ ነበር። ወደፊት በገጠር ከተሞች የሚከፈተው መደብር፣ የአገር ልጅም ይክፈተው የውጭ ባለሀብት፣ በዚሁ ሚዛን መመዘን ይኖርበታል። የአካባቢውን ምርት ይገዛልን? ክፍያውን በጊዜው ይፈጽማልን? ገበሬው በማኅበሩ አማካይነት ስለ ዋጋው የሚናገርበት ቦታ አለውን? እነዚህ ጥያቄዎች በመደብሩ ምርቃት ቀን ሳይሆን ቦታው በሚሰጥበትና ውሉ በሚጻፍበት ቀን ሊነሡ ይገባል። የመደብሩ በር ለገዥ ብቻ ሳይሆን ከጀርባ በኩል ለአምራቹም የተከፈተ እንደሆነ፣ ገጠሩ ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ገበያ አገኘ ማለት ይቻላል።